የአፄ ዮሐንስ ፈረንጅ ጀኔራል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የደሴ ልጅ ነኝ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ «አፄ ዮሐንስ ዋግሹም ጎበዜን ያሸነፉት በፈረንጅ ጀኔራል ነው» ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ ተረት ነው ባይ ነው። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፈረንጁ ተረት አይደለም። ጆን ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቻይና ውስጥ በእንግሊዛዊው መኮንን በጎርደን ሥር ተዋግቷል። ወደ አገራችን የመጣው ደግሞ በ1860 ዓ.ም. የእናንተው መቅደላ ድረስ ከዘመተው የእንግሊዙ ጀኔራል የናፒየር ጦር ጋር ነው። እንግሊዞቹ ሲመለሱ እሱ ቀረና ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ አደረ።

ናፒየር በግዛታቸው ስላሳለፉት ለካሳ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄዷል። ግን መሣሪያ ብቻውን ምን ያደርጋል? አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሠርተው፣ ያንን ሁሉ ገደልና አቀበት በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ አወጡት፤ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ፣ በጭንቅ ቀን ግን አልደረሰላቸውም። ኪርክሃም የሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ወታደሩን አሰልፎ በትእዛዝ መተኮስን አስተማረ።

በ1863 ዓ.ም. ካሳና ጎበዜ ዓድዋ አጠገብ፣ አሳም ላይ ለጦርነት ተገናኙ። ዋግሹም ጎበዜ ያኔ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል፣ የካሳን እህት ድንቅነሽንም አግብተዋል። 60,000 ያህል ሰው ይዘው ነበር ይባላል፣ ካሳ ደግሞ 12,000። ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ። በ1864 ካሳ አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ታዲያ ሽማግሌው ልክ ናቸው? ግማሹን። ሥልጠናው የኪርክሃም ነው፣ ድሉን ግን ለእሱ መስጠት ለእኔ አይዋጥልኝም። በ1868 ዓ.ም. የወረሩን ግብፆችም የፈረንጅ መኮንን ሞልቷቸው ነበር፤ ዴንማርካዊው አረንድሩፕ ጉንደት ላይ ሞተ፣ አሜሪካዊው ጀኔራል ሎሪንግ ጉራዕ ላይ ነበረ፣ ሁለቱንም ጦርነት ያሸነፉት ግን ዮሐንስ ናቸው። ኪርክሃም በዚያ ጊዜ አልመራላቸውም። ቀድሞ የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ አውሮፓ ደርሶ ተመልሷል፣ ጊንዳዕም መሬት ተሰጥቶት ነበር። በመጨረሻ ግብፆች ያዙትና በዚያው 1868 ምጽዋ ላይ እንደታሰረ ሞተ።