ሁለቱንም ጉልበት በአንዴ? ጥያቄና መልስ

የምሠራው ባሕር ዳር ነው፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ ጉልበት ስለማስቀየር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቷ አልቋል። በአንዴ ይሠራላት ወይስ ተራ በተራ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ልባቸው ይታይ። በአንዴ ሲሠራ ማደንዘዣውም አልጋ መያዙም አንድ ጊዜ ነው። ነገር ግን ብዙ ደም ይፈሳል፤ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ የመሄዱ አደጋም ከፍ ይላል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ከሆነ ወራት አራርቆ መሥራት ይሻላል። እዚህ ላይ አትደራደሩ።

ጥያቄ፦ ሐኪማችን «ጡንቻ ሳልቆርጥ ከሥር እገባለሁ» አለን። ከሌላው በምን ይለያል?

መልስ፦ ቆዳው ላይ ጠባሳው ያው ከፊት ነው፤ ልዩነቱ ከውስጥ ነው። በተለመደው መንገድ ከጉልበቱ ሎሚ (ከፊት ካለው ክብ አጥንት) በላይ ያለው ጅማት በቁመቱ ይከፈትና ሎሚው ወደ ጎን ገለል ይላል። ለሐኪሙ ወለል አድርጎ ያሳየዋል። ሁለተኛው መንገድ የጭኑን የውስጥ ጡንቻ በራሱ መስመር ይከፍለዋል። የእናንተ ሐኪም ያለው ሦስተኛው ነው፤ ጡንቻውን ሳይቆርጥ ከሥሩ ያነሳዋል።

ሁለቱም እግር በአንድ ቀን ሲሠራ ጡንቻው አለመቆረጡ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ የሚደገፉበት ደህና እግር የለማ! ከሥር ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ቀለል ይላል፤ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳትም ቶሎ ይመጣል። ከወራት በኋላ ግን ሦስቱም ይቀራረባሉ። ሰውነታቸው ከበድ ካለ ወይም ጉልበታቸው ከደረቀ ደግሞ ከሥር መግባቱ ለሐኪሙ ይጠበዋል። ያኔ «ካልሆነ» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ እጁ በለመደው ይሥራ።

ጥያቄ፦ ስኳር አለባት።

መልስ፦ ስኳሩ ሳይስተካከል ቀዶው አይታሰብ። ቁስሉ ካመረቀዘ ጉልበቱ ውስጥ እስከ ተተከለው ብረት ሊዘልቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመሳለም ስእለት አላት። ስግደትስ?

መልስ፦ ሲጠነክሩ ይሄዳሉ። ከጀልባ ወርዶ በቡናው መሃል ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ምርኩዝና የሚደግፋቸው ሰው ይኑር። መንበርከክ ግን ብዙዎችን ይከብዳቸዋል፤ ለንስሐ አባታቸው ቀድመው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት ነው።

መልስ፦ ይሄን ከቀዶው በፊት ጨርሱት። አዲሱ ጉልበት እንደዚያ አይታጠፍላቸውም። አናጺ ጠርታችሁ መሃሉ የተቀደደ ወንበር አሠሩ። ከፍ ይበል፣ በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ ይኑረው፣ እግሩም እንዳይንሸራተት ላስቲክ ይምቱበት።