ዲስክ ሲሞት መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ቅያሪ፦ የሬይድ ሳጥን ለምታስመጣው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። ለሰርግ ስቱዲዮሽ ባለ 4 ዲስክ የሬይድ ሳጥን ከዱባይ በሰው እያስመጣሽ ነው። ዲስኮቹ ባለ 4 ቴራ ናቸው። «ሬይድ 0 ላድርገው ወይስ 5? ሬይድ ካለኝስ ሌላ ባክአፕ መያዝ አለብኝ?» ነው ያልሽው። ከሥር የመለሱልሽ ብዙዎቹ «5 አድርጊውና ተገላገይ» ብለዋል። እኔም በ2012 ይህንኑ ምክር ሰምቼ 5 አደረግኩ። በ2015 ጥር ላይ የ11 ሙሽሮች ቀረጻ ከእጄ ሊወጣ ነበር። የአንዷ ከፊሉ ወጥቶ ቀረ። ስለዚህ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አድርጎ የሚያሠራ ዘዴ መሆኑን፣ ቁጥሩም (0፣ 5፣ 10) ፋይሉ በዲስኮቹ ላይ የሚቀመጥበትን አኳኋን እንደሚለይ ታውቂዋለሽና አልዘረዝረውም። ዋጋ ወደሚያስከፍለው ነገር ልግባ።

1. ሬይድ 0ን እርሺው። ፍጥነቱ እውነት ነው። ግን ከ4ቱ አንድ ዲስክ ሲሞት የሁሉም ፋይል አብሮ ይሄዳል። የሰው ሰርግ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥም። 5 ካደረግሽው ከ16 ቴራ 12ቱን ትጠቀሚያለሽ፣ አንድ ዲስክ ቢሞትም ሥራ አይቆምም። ዊንዶውስ 10.9 ብሎ ሲያሳይሽ አትደንግጪ፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። 10 ካደረግሽው ዲስኮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሚሆን 8 ቴራ ብቻ ይኖርሻል። እኔ አሁን የምጠቀመው 10 ነው። ምክንያቱም ዲስክ ሲቀየር አዲሱ የሚገለበጠው ከጥንዱ ብቻ ነው። በ5 ግን አንዱን አዲስ ዲስክ ለመሙላት የቀሩት 3ቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መነበብ አለባቸው። ይህችን ያዢልኝ። እኔን የጎዳችኝ እሷ ናት።

2. ዲስኮቹን ሳጥኑ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት አንድ በአንድ መርምሪ። በዩኤስቢ የሚሠሩ ብዙ ሳጥኖች ሬይዱ ከተሠራ በኋላ የየዲስኩን ጤና ለኮምፒውተሩ አያሳዩም። ስለዚህ አስቀድመሽ በዶክ (ዲስክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሰኪያ) ለብቻው ሰክተሽ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እዪው። መጀመሪያ የሚታየው የሠራበት ሰዓት ነው። አዲስ ዲስክ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፣ በዚያ አስሊው።

እኔ ይህን ያየሁት ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። 4ቱንም «አዲስ ናቸው፣ ያልተነኩ» ተብዬ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ላስቲካቸው ሳይቀር እንደታሸገ ነበር። ሳጥኔ 3 ዓመት ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቢሠራ 26,280 ሰዓት ነው። 3ኛው ዲስክ የሚያሳየው ግን 41 ሺህ አልፎ ነበር። ሻጩ ጋ ስመለስ ስክሪኑን ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። «አንተ ነህ ያሠራኸው» አለኝ። ደረሰኜን እንደያዝኩ ወጣሁ። እህቴ፣ ሰዓቱ የሚታየው ብሩ ሳይከፈል ነው። ዱባይ ያለው ሰውሽም እዚያው አስከፍቶ ፎቶ ይላክልሽ።

ዓይነቱም ለውጥ አለው። ለናስ፣ ማለትም በኔትወርክ ለሚሠራ የዲስክ ሳጥን፣ ተብሎ የተሠራ ዲስክ ግዢ። የተራ ኮምፒውተር ዲስክ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው አንዳንዴ ከደቂቃ በላይ ደጋግሞ ይታገላል። ሳጥኑ ይሄኔ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል። የናሱ 7 ሰከንድ ገደማ ሞክሮ አልቻልኩም ብሎ ያሳውቃል። ሳጥኑም የጎደለውን ከሌሎቹ አስልቶ ይሞላዋል። ደግሞ ሲኤምአር (መስመሮቹን ሳያደራርብ ጎን ለጎን የሚጽፍ) መሆኑን አረጋግጪ። ኤስኤምአር የሚባለው መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አደራርቦ ነው የሚጽፈው። ብዙ ጽሑፍ በተከታታይ ሲመጣበት በጣም ይንቀራፈፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ አምራቾች ራሳቸው አንዳንድ ሞዴሎችን ኤስኤምአር መሆናቸውን ሳይገልጹ ይሸጡ እንደነበር አምነዋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ አትመኚ፣ የሞዴል ቁጥሩን አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዪው።

3. መሳቢያዎቹን ከ1 እስከ 4 ቁጥር ስጫቸው። የየዲስኩን ሲሪያል ቁጥር ጽፈሽ በመሳቢያው ፊት ለጥፊ። ከዚያ ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ይህችን በ2012 ገና በመጀመሪያው ቀን አድርጌያታለሁ። እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ፣ ያተረፈችኝም እሷ ናት።

4. ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ሳይኖርሽ ሳጥኑን አታብሪው። ሬይድ 5 ፋይል ሲጽፍ ማካካሻውንም፣ ማለትም አንድ ዲስክ ሲጎድል ፋይሉ መልሶ የሚሰላበትን፣ አብሮ ይጽፋል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ አንዱ ተጽፎ አንዱ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ያን ቀን ምንም አይታይሽም። ዲስክ የሞተ ቀን ነው የተሳሳተው ማካካሻ የተሳሳተ ፋይል የሚሰጥሽ። ስታቢላይዘር አለኝ እንዳትዪ። እሱ ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይሽም። የዩፒኤስ ባትሪም ያረጃል። ሥራ በሌለበት ሰዓት ሶኬቱን እየነቀልሽ ፈትኚው። የእኔ ዩፒኤስ ባትሪው ካለቀ ስንት ጊዜው እንደሆነ ያወቅኩት በዚያው በጥር ነው።

5. ዲስክ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ነው። ለዚች ስል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ጥር የእኛ ወር ነው፣ ታውቂዋለሽ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ከሰርግ ወደ ሰርግ ነው የምንሮጠው። አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ሳጥኑ መጮህ ጀመረ። የ2ኛው መሳቢያ መብራት ቀይ ሆኗል። ተለዋጭ ዲስክ ነበረኝ። የሞተውን ሳብኩ፣ አዲሱን ከተትኩ፣ ሪቢልዱ (አዲሱን ዲስክ ከቀሩት አስልቶ መሙላቱ) ጀመረ። በቃ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ እዚያው ላይ ኤዲት ማድረጌን ቀጠልኩ። የሚረከቡኝ ደንበኞች ስላሉ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። 4 ቴራ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢሄድ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጎኑ ስትሠሪበት ግን ይጓተታል። ማታ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልያዘም፣ ተመልሶ ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ 61 ፐርሰንት ላይ፣ 3ኛው መሳቢያም ቀላ። ድራይቩ ከኮምፒውተሩ ጠፋ።

3ኛው ዲስክ የታመመው ያን ቀን አልነበረም። የማይነበቡ ቦታዎች ከተፈጠሩበት ሰንብተዋል። ግን የ2013 ሰርግ የተቀመጠበትን ቦታ ማን ከፍቶ ያያል? ሪቢልዱ ነው ጥጋጥጉን ሁሉ እንዲያነብ ያስገደደው። ያረጀ ዲስክ በዕድሜው ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጓደኛው በሞተ ማግስት ነው።

ስለዚህ ሳጥንሽ የጮኸ ቀን አዲሱን ዲስክ ወዲያው አትክተቺ። ሬይድ 5 በ3 ዲስክ ይሠራል፣ ፋይሎችሽ ይከፈታሉ። ኤዲቱን አቁሚ። ሌላ ዲስክ ሰክተሽ ኮፒ አድርጊ። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ገና ያላስረከብሻቸውን፣ ቀጥሎ ዘንድሮ የሠራሻቸውን፣ ከዚያ የቀረውን። በኮፒው መሀል ሌላ ዲስክ ቢወድቅ እንኳ ዋናው ወጥቷል። ኮፒው ሲያልቅ አዲሱን ክተቺ። እኔ ያን ሌሊት ይህን ባደርግ ኖሮ ያላስረከብኳቸው 11ዱ እስከ ማግስቱ ማታ ተገልብጠው ያልቁ ነበር።

ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» እያለ ጠየቀኝ። አልነካሁትም። አንቺም እንዳትነኪው። አጥፍቼ ነቀልኩ።

ከዚያ ዳታ እናወጣለን ወደሚል አንድ ቤት ሄድኩ። ሲሪያላቸው የተጻፈባቸውን 4 ዲስኮች፣ የሞተውን 2ኛውንም ጨምሬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የወሰድኩት። የተቀበለችኝ ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ በአንድ ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው። ቅደም ተከተላቸውን ለማስረዳት ስሞክር «ባለሙያው ያውቃል» አለችኝ። ቅድሚያ አስከፈሉኝ። በ5ኛው ቀን ስደውል «2ኛውን ከፍተን አየነው፣ ተበላሽቷል» አሉ። ሄጄ አየሁት። መስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተነሥቶ ተቀምጧል። በሳህኑ ላይ አቧራው ይታያል፣ የጣት አሻራም አለበት። የዲስክ ክዳን የሚነሣው ከአቧራ በጸዳ ልዩ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። አንባቢው ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ያነሰ ነው። ቅድሚያውን አልመለሱልኝም። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል፤ የሚያንገበግበኝ ግን ብሩ አይደለም፣ እደርስበታለሁ።

ያዳነኝ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ የሰፈር ልጅ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቅደም ተከተላቸውን ታውቃለህ?» ብሎ ነው። የስልኬን ፎቶ አሳየሁት። ዋናዎቹን ዲስኮች ሳይጽፍባቸው በሊኑክስ ላይ ዲዲ ረስኪው በሚባል ፕሮግራም እያንዳንዱን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። 3ኛው ብቻ 4 ቀን ፈጀ። ፕሮግራሙ ጥሩውን ቦታ ቀድሞ ይወስዳል፣ መጥፎውን በኋላ ተመልሶ ይታገለዋል። የሚገለበጥበት ዲስክ ከሙያ ጓደኞቼ እየዞርኩ ተዋስኩ። ከዚያ 1፣ 3 እና 4ን በቅደም ተከተላቸው በሶፍትዌር ገጣጠማቸው። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ሲመጡ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

የቀሩት በ3ኛው ዲስክ የማይነበቡ ቦታዎች ላይ ያረፉት ፋይሎች ናቸው። ልጁ ያኔ የነገረኝን አልረሳውም። 2ኛው ዲስክ ባይከፈት ኖሮ እነዚያ ቦታዎች ከእሱ ሊሞሉ ይችሉ ነበር። የሞተው በሌላ ቦታ ነው፣ የቆየው ፋይል እሱ ላይ ደህና ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የሞተውንም ዲስክ አትጣይ፣ ለማንም አታስከፍቺ የምልሽ።

ከጠፉት መካከል አንዲት ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አያቷ የመረቋት ቀረጻ ነበር። አያቷ ከሰርጉ በኋላ አርፈዋል። አባቷ ስቱዲዮዬ መጡ። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ድምፁስ?» አሉኝ። የድምፅ መቅጃዬን መሳቢያ ከፍቼ ሜሞሪውን አየሁ። አላጠፋሁትም ነበር። 6 ደቂቃ፣ ከእልልታው ጋር፣ የእማማ ድምፅ ጥርት ብሎ አለ። በፍላሽ አድርጌ ሰጠኋቸው። ፎቶዎቹን ከሥሩ እየደረደርኩ አጭር ቪዲዮም ሠራሁላቸው፣ ያለ ክፍያ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሜሞሪ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ አይጠፋም። ሠራተኞቼም ያውቁታል።

የሁለተኛ ጥያቄሽ መልስ እንግዲህ አዎ ነው፣ ባክአፕ ያስፈልግሻል። ረዳትሽ በስህተት አንድ ፎልደር ብታጠፋ ከ4ቱም ዲስክ በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋው። ሳጥኑ ራሱ ቢቃጠልም ዲስኮቹ ደህና ሆነው ሌላ ሞዴል ሳጥን ላያነባቸው ይችላል። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ዘዴ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። እኔ በአቅሜ እንዲህ አድርጌዋለሁ። አንዱ ሳጥኑ ላይ፣ አንዱ ተራ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ቡና ልጠጣ ስሄድ እቀያይረዋለሁ። ስመለስም አንድ ሁለት ፋይል ከፍቼ አጫውታለሁ፣ ያልተከፈተ ባክአፕ አላምንም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። በወር አንዴ ከሳጥኑ ሜኑ ሙሉ ምርመራ አስነሺ፣ ቼክ ወይም ቬሪፋይ ይለዋል። ሁሉንም ዲስክ ስለሚያነብ የተደበቀውን በሽታ ቀድሞ ያወጣዋል። ሬይድ 5 መርጬም ቢሆን ይህን በየወሩ ባደርግ ኖሮ 3ኛውን ዲስክ በጊዜ ባወቅኩት ነበር። የዲስክ ጤና ዝርዝር ስታዪ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 (የተበላሹና የማይነበቡ ቦታዎች ቆጠራ) ላይ ከዜሮ የወጣ ነገር ካለ፣ በተለይ እየጨመረ ከሄደ፣ ተለዋጭ ግዢ። 199 ብቻ ከጨመረ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሪ። ከኋላ ያለውን ፋን አቧራውን አራግፊለት፣ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው። ጩኸቱን የሚያጠፋውን ቁልፍ ግን ምክንያቱን ሳታውቂ አትጫኚው።

ዕቃው ሲደርስሽ ምንም ፋይል ሳትጭኚበት የ4ቱን ዲስክ ስክሪን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ሰዓታቸውንና ሞዴላቸውን አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ቀረጻ ላይ ነኝ፣ ከዚያ ውጭ ማታ ማታ እመልስልሻለሁ።