ኢንተርኔቱ ይሰራል፣ የራሳችን ሲስተም ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። አንድ ፋብሪካ ስቶር ክፍል ነው የምሰራው፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የምንመዘግብበት ሲስተም አለን፣ በብሮውዘር ነው የሚከፈተው ሰርቨሩም እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው ያለው። በቅርቡ ኢንተርኔት በፕሮክሲ፣ ማለትም መሀል ላይ ሆኖ ገጹን በሚያመጣልን ሰርቨር፣ ነው የምትጠቀሙት ተባለና ኮምፒውተሮቻችን ላይ አስገቡልን፣ ከዛ ወዲህ ጎግል ምናምን ሁሉም ይከፈታል የራሳችን ሲስተም ግን ወይ ፍንክች። ፒንግ ሳደርገው፣ አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ማለት ነው፣ ደግሞ ይመልሳል! ሸዋሮቢት ያለው ቅርንጫፋችን ፕሮክሲ አልገባለትም፣ እነሱ ያለችግር ይሰራሉ፣ እኛ ሰርቨሩ አጠገብ ቁጭ ብለን እነሱ ጋ እየደወልን መዝግቡልን እንላለን። ለሎካል አድራሻ ፕሮክሲ አትጠቀም የምትለዋን ሳጥንም ራይት አድርጌያታለሁ፣ ለውጥ የለም። የአይቲው ልጅ ሰርቨሩ ነው ይላል። እውነት እሱ ነው?
የስቶር ሰራተኛ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰርቨሩስ አይመስለኝም። ሰርቨሩ ወድቆ ቢሆን ሸዋሮቢትም አይከፈትላቸውም ነበር፣ በናንተና በነሱ መሀል ያለው ልዩነት ደግሞ ራስሽ እንደጻፍሽው ፕሮክሲው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒንጉ ላይ ነው። ፒንግ በፕሮክሲ አያልፍም፣ ካንቺ ኮምፒውተር ቀጥታ ሰርቨሩ ጋ ነው የሚሄደው። ብሮውዘሩ ግን ፕሮክሲ ከተሰጠው በኋላ ራሱ ሰርቨሩ ጋ አይሄድም፣ ይሄን ገጽ አምጣልኝ ብሎ ለፕሮክሲው ይሰጠዋል፣ ስሙን ወደ አይፒ፣ ማለትም ወደ ቁጥር አድራሻ፣ የሚቀይረውም ያኔ ፕሮክሲው ነው እንጂ ያንቺ ኮምፒውተር አይደለም። እና ፕሮክሲው ስም የሚጠይቀው የውጭ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይር ሰርቨር) ከሆነ፣ ለምሳሌ የጎግሉ 8.8.8.8፣ የናንተን የግቢ ስም ከየት ያውቀዋል? ሰፈሩን የማያውቅ ልጅ ጎረቤት ልከሽ ቤቱን አጣሁት ብሎ ሲመለስ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣልሽን የኤረር ገጽ ረጋ ብለሽ አንብቢው፣ እባክሽ ቶሎ አትዝጊው። ከታች በትንሽ ፊደል ስኩዊድ (ብዙ ቦታ የሚሰራበት የፕሮክሲ ሶፍትዌር ነው) የሚል ካለ ገጹን የጻፈው ፕሮክሲው ነው፣ የናንተ ሰርቨር አይደለም። የስሙን አይፒ ማግኘት አልቻልኩም ካለ ችግሩ ከላይ ያልኩት የዲኤንኤስ ነገር ነው። አክሰስ ዲናይድ ካለ ፕሮክሲው ላይ የሚከለክል ህግ አለ። 407 ካለ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ እየጠየቀ ነው። ኮኔክሽን ሪፊውዝድ ወይም ታይምአውት ከሆነ ደግሞ ፕሮክሲው ስሙን አግኝቶታል ግን ሰርቨሩ ጋ መግባት አልቻለም፣ መሀል ላይ ፋየርዎል፣ ማለትም ግንኙነት የሚፈቅድና የሚከለክል አጥር፣ ሊኖር ይችላል። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ የሲስተማችሁ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ ሆኖ መጨረሻው ላይ 8443 አይነት ቁጥር ካለው፣ ስኩዊድ ሲጫን አብሮት በሚመጣው ሴቲንግ ለኤችቲቲፒኤስ የሚፈቅደው 443 የሚባለውን ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖም ይከለክላል፣ ይሄ ብዙ አይቲ ያደክማል።

አሁን ወደ ሳጥኗ እንምጣ፣ እኔ የምጠረጥረው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ ሎካል የሚለው ነጥብ የሌለውን ስም ብቻ ነው። አድራሻው ላይ ስቶር ብለሽ ብቻ ብትጽፊ ፕሮክሲውን ዘሎ ይሄዳል፣ ስቶር ነጥብ ፋብሪካ ነጥብ ሎካል ካልሽ ወይም 10.10.1.20 አይነት አይፒ ከጻፍሽ ግን ነጥብ ስላለው የውጭ ነው ብሎ ለፕሮክሲው ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩ አጠገብሽ መሆኑን አያይም። ራይቷ ለዛ ነው ያልሰራችልሽ።

መፍትሄው ሴቲንግ ገብተሽ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዛ ፕሮክሲ፣ የፕሮክሲው አድራሻና ፖርት የተጻፈበት ቦታ ላይ፣ ከሳጥኗ በላይ ሰፋ ያለች መጻፊያ አለች፣ በፕሮክሲ የማይሄዱትን አድራሻዎች እዛ ውስጥ አስገቢ። ሙሉ ስሙን ጻፊ፣ ሴሚኮለን አድርጊ፣ ከዛ አይፒውን ጻፊ፣ የግቢው አይፒዎች ሁሉ በ10.10 የሚጀምሩ ከሆነ 10.10.* ማለት ይበቃል። ሴቭ አድርገሽ ብሮውዘሩን ዘግተሽ ክፈቺው። ክሮምና ኤጅ ይሄንኑ ነው የሚያነቡት፣ ፋየርፎክስ ግን የራሱ የፕሮክሲ ሴቲንግ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም እይው፣ እዛ መለያው ኮማ ነው። ፒንጉ መመለሱ እዚህ ጋ ጠቀመሽ፣ ኮምፒውተርሽ ያለፕሮክሲ ሰርቨሩን ማግኘት እንደሚችል ያሳያል።

ፕሮክሲውን ግን ጭራሽ አታጥፊው፣ ኢንተርኔቱም ይቆምብሻል ከአይቲም ጋር ያጣላሻል። የአይቲው ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር በኮምፒውተር ከሚዞር ፓክ የሚባለውን ፋይል አዘጋጅቶ የግቢው አድራሻ ቀጥታ፣ ሌላው በፕሮክሲ የሚል ህግ አንዴ ቢጽፍ ለሁላችሁም ይደርሳል። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ሆኖ ሲስተሙን በፕሮክሲ ማዞር ልክ ነው ብዬ አላምንም፣ ፕሮክሲው በቆመ ቁጥር ስቶሩም አብሮ ይቆማል፣ መኪና ጭኖ በር ላይ ይገተራል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ካልተከፈተ፣ ልጁ ፕሮክሲው ላይ አክሰስ ሎግ የሚባለውን ፋይል ከፍቶ አንቺ ስትሞክሪ ይከታተል። የሲስተሙ ስም እዛ ላይ ብቅ ካለ ያስገባሽው አድራሻ አልያዘም ማለት ነው፣ ፊደሉን ደግመሽ እይ። ምንም ካልታየ ብሮውዘርሽ በቀጥታ እየሄደ ነው፣ ያኔ ፕሮክሲውን ተዉትና በኮምፒውተርሽና በሰርቨሩ መሀል ያለውን ፋየርዎል ይፈትሽ፣ ፒንግ ተፈቅዶ የድረገጹ ፖርት ብቻ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።