ፊዚክስን ትቼ ወደ አስተዳደር ልግባ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ፊዚክስ እያስተማርክ ትመራመራለህ፣ አሁን ደግሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሁን ተብለሃል። «እሺ ካልኩ ሳይንሱ አበቃለት ማለት ነው? መንገዱስ ወዴት ያደርሳል?» ብለሃል። እኔ ከላቦራቶሪ ወጥቼ ዲን ሆኛለሁ፣ የዩኒቨርሲቲ አመራር ውስጥ ሠርቻለሁ፣ በኋላም መንግሥትን የሚያማክር የሳይንስ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

ምርምርህ ይቀንሳል። አይቀንስም የሚልህን አትስማ። የሚገድለው ግን የስብሰባው ብዛት አይደለም፣ የጊዜህ መቆራረጥ ነው። አንድ ስሌት ይዘህ ለመቀመጥ ማንም የማይነካው ግማሽ ቀን ያስፈልግሃል። ኃላፊ ስትሆን ግን በሩ በየደቂቃው ይንኳኳል። አንዱ የውጤት ቅሬታ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የዕቃ ግዥ ፊርማ ይፈልጋል፣ አንዷ የደረጃ እድገቷ ለምን እንደዘገየ ትጠይቅሃለች። ሁሉም እውነት አላቸው፣ ክፋቱም እሱ ነው። እኔን ያተረፈኝ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ይዤ መቀጠሌ ነው። ብዙ አይደለም፣ አንድ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ስልክ ዘግተን ከዳታው ጋር እንቀመጥ ነበር።

መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት የአሜሪካዊውን የፊዚክስ ሰው የጆን ማርበርገርን ሕይወት ተመልከት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን በ1967 ያዘ። ከዚያ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ኃይለኛ የሌዘር ጨረር ቁስ ውስጥ ሲያልፍ ራሱን በራሱ እንዴት ወደ ጠባብ ጨረር እንደሚሰበስብ ያጠና ነበር። እዚያው የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎም ዲን ሆነ። በ1980 የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆኖ እስከ 1994 መራ። ሲጨርስ ወደ ማስተማር ተመለሰ። ይቺን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ፕሬዝዳንት እያለ በ1983 የኒውዮርክ ገዥ ማሪዮ ኩሞ የሾረሃምን የኒውክሌር ማመንጫ ጉዳይ የሚመረምር ቡድን እንዲመራ ሾሙት። ማመንጫው ያለው ሎንግ አይላንድ ላይ ነው፣ ረጅምና ጠባብ ደሴት። የሰዉ ጥያቄ ደግሞ ስለ ኒውትሮን አልነበረም። «አደጋ ቢደርስ በየት በኩል እንወጣለን?» ነበር። ይህን በቀመር አትመልሰውም። ማመንጫው 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈጀ በኋላ ለገበያ የሚሆን ኤሌክትሪክ ሳያመርት ተዘጋ።

የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ታሪክም ይመሳሰላል። በ1997 ከአንድ የምርምር ሪአክተር የነዳጅ ማቆያ ገንዳ ትሪቲየም (ጨረር የሚያመነጭ የሃይድሮጅን ዓይነት) ለዓመታት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲሰርግ እንደኖረ ታወቀ። ባለሙያዎች ለጎረቤቱ የመጠጥ ውሃ አያሰጋም ቢሉም ሕዝቡ አልተረጋጋም፣ የተናደደው ሳይነገረው በመቆየቱ ነበርና። ላቦራቶሪውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ኮንትራቱን ተነጠቀ፣ ማርበርገር በ1998 ዳይሬክተር ሆኖ ገባ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ከአካባቢው ሰው ጋር መታረቅ ሆነ። የፊዚክስ ባለሙያ አመራር ሲገባ የሚከብደው ይኼ ይመስለኛል። ትክክለኛውን ቁጥር መያዝ ብቻውን አያሳምንም።

ከዚያ በ2001 ዋይት ሃውስ ገባ። ዴሞክራት ሆኖ ሳለ የሪፐብሊካኑ የፕሬዝዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ የሳይንስ አማካሪ ሆነ፣ እስከ 2009 ቆየ። በ2004 የኖቤል ተሸላሚዎች ያሉበት ከ60 በላይ ሳይንቲስቶች «መንግሥት ሳይንስን እያጣመመ ነው» ብለው መግለጫ አወጡ። ማርበርገር ለመንግሥቱ ተከራከረ፣ የገዛ ሙያ ባልደረቦቹም ክፉኛ ተቹት። በእኔ እይታ ከሚገባው በላይ ተከላክሏል። ግን አለቃውን በጋዜጣ የሚያብጠለጥል አማካሪ ሁለተኛ እንደማይጠራም ገብቶኛል።

ሌላውን ጎን ደግሞ እይ። ሊ ዱብሪጅ ካልቴክን (የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋምን) ከ1946 እስከ 1969 የመራ የፊዚክስ ሰው ነው። የፕሬዝዳንት ኒክሰን የሳይንስ አማካሪ ሆኖ የቆየው ግን ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ። በዚያው ዘመን የፕሬዝዳንቱ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ አባል የነበረው ሪቻርድ ጋርዊን፣ መንግሥት ከድምፅ የፈጠነ የመንገደኛ አውሮፕላን ለማሠራት ሲነሳ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ተቃወመ። ኒክሰን በ1973 ኮሚቴውንም የዋይት ሃውሱን የሳይንስ ቢሮም አፈረሱት። ቢሮው በሕግ የተመለሰው በ1976 ነው። ጋርዊን ያን ለመናገር የደፈረው ደፋር ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪ ነበር፣ እንጀራው ሌላ ቦታ ነው።

ስለ ማርበርገር ማስተማር መመለስ ያዝልኝ ያልኩህም ለዚህ ነው። ወንበሩ ላይ እውነት የመናገር አቅምህ የሚለካው፣ ነገ ተነስ ብትባል የምትሄድበት ቦታ አለህ ወይ በሚለው ነው። ክፍል ገብተህ የምታስተምር፣ አንድ ተማሪ የምትይዝ ከሆነ አለህ። ከሳይንሱ አሥር ዓመት ከራቅህ በኋላ ግን ወንበሩን ለማቆየት ስትል ብዙ ነገር ትውጣለህ። እንዲህ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

ምክር መስጠት ራሱ ምን እንደሚመስል ትንሽ ላሳይህ። ወፍራም ሪፖርት እናዘጋጃለን፣ ላይ ያለው ሰው የሚያነበው አንድ ገጽ ነው። አንድ ጊዜ አንድን ግምት ከነስህተት ወሰኑ፣ ከነመደመርና መቀነስ ምልክቱ ልከን፣ ገጹ በሦስት ቢሮ አልፎ ሲደርስ ምልክቱ የለም። ባዶ ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ እንደ ቁርጥ ያለ እውነት ተነገረ። ከዚያ ወዲህ በምልክት ጽፌ አላውቅም። «ከዚህ ያላነሰ፣ ከዚያ ያልበለጠ» ብዬ በቃላት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እሰነቅረዋለሁ። ዓረፍተ ነገር ለማጥፋት ይከብዳል። «ሳይንሱ የሚለው» እና «እኔ ቢደረግ የምለው» ደግሞ ለየብቻ አንቀጽ ይግቡ።

እንግዲህ አንተ እሺ ከማለትህ በፊት የሹመት ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍልህ። የሥራ ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን፣ በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ የማስተማር መብት፣ ሲያበቃ ደግሞ የአንድ ዓመት የምርምር ፈቃድ። በቃል «ችግር የለውም» ቢሉህ እንዳትቀበል፣ ቃል የሰጠህ ሰው ራሱ ሊቀየር ይችላል። የምርምር ገንዘብህን በተመለከተ፣ በስምህ የመጣውን ለምክትል አስረክብ ካሉህ መጀመሪያ ከለጋሹ ጋር ተነጋገር። ተማሪህን ግን ለማንም አታስረክብ።