የአን ፍራንክ ማስታወሻ የልጅ ወግ ብቻ ነውን?

ውድ ጠያቂያችን፣ የአን ፍራንክ ማስታወሻ የተወደደው በጸሐፊዋ አሳዛኝ አሟሟት ብቻ ነው ወይስ በራሱ የቆመ ሥነ ጽሑፍ ነው ብለው ጠይቀዋል። እኔ ያለ ማመንታት ሥነ ጽሑፍ ነው እላለሁ። አይሁዳዊቷ ልጅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ሸሽታ ከቤተሰቧ ጋር በአምስተርዳም ተደብቃ ሳለች፣ በስደት ላይ የነበረው የኔዘርላንድ መንግሥት ሚኒስትር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 1944 ከለንደን በሬዲዮ ቀርቦ፣ ሕዝቡ የጦርነቱን ዘመን ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች እንዲያቆይ ሲያሳስብ ሰማች። በግንቦትም፣ ገና 15 ዓመት ሳይሞላት፣ ቀድሞ የጻፈችውን እያረመች፣ ትርፉን እየቆረጠች፣ ለሰዎቹም ሌላ ስም እያወጣች ከ200 በሚበልጡ ወረቀቶች ላይ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች። ይህ የደራሲ ሥራ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን የጠረጴዛው ጠብ ነው። በአንድ ክፍል አብሯት የሚያድረውን የጥርስ ሐኪም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ትንሿን ጠረጴዛ እንዲለቅላት በትሕትና ብትለምነው፣ የእርሷን ንባብና ጥናት ከቁም ነገር ሳይቆጥር እምቢ አላት፤ ነገሩም የተፈታው አባቷ ገብተውበት ነው። ሞት ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ልጅ ለመጻፊያ ቦታ ስትሟገት ማንበብ፣ ለእኔ ከብዙ የጦርነት ታሪክ ይልቅ ልብ የሚሰብር ነው።

መጽሐፉን ካገኙት የጥር 2 ቀን 1944ን ገጽ ረጋ ብለው ያንብቡት፤ ስለ እናቷ በቁጣ የጻፈችውን መልሳ አንብባ ራሷን ያለ ርኅራኄ የመረመረችበት ነው።