አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ሰው ጉልበቱ ሲጎዳ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ድሬዳዋ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወንድሜ ያደገው አጥንትን በቀላሉ እንዲሰበር ከሚያደርገው ሕመም፣ ከኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ ጋር ነው። ስለ ጉልበት የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሳቢያን ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ ጉልበቷ አበጠ። እናቴ ወጌሻ ጋ እንውሰዳት ትላለች።

መ፦ እባክሽ እህቴ፣ አትውሰጃት። ማሸቱና መጎተቱ ራሱ ሌላ ስብራት ሊያመጣባት ይችላል። እግሯን ሳታቃኚ እንዳለ በካርቶን ደግፈሽ ድል ጮራ ሆስፒታል አድርሻት። ገና ከበሩ አጥንቷ በቀላሉ የሚሰበር መሆኑን ተናገሪ። ራጁም ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ይነሣ።

ጥ፦ የጉልበት ጅማቴ ተበጥሷል ተባልኩ። እንደ ሌላው ሰው ይተካልኛል?

መ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የሕመሙ ሥር ኮላጅን የተባለው፣ ለአጥንት ጥንካሬ የሚሰጠው ፕሮቲን መጓደል ነው፤ ኮላጅን ደግሞ ጅማትንም ይሠራል። ስለዚህ ጅማትህ ድሮም ላላ ያለ ነው። ሌላው ሰው ላይ ጅማቱ መሃሉ ላይ ሲበጠስ፣ እናንተ ላይ የተጣበቀበትን የአጥንት ቁራጭ ነቅሎ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ መተካት አያስፈልግም፤ ቁራጩ ወደ ቦታው ተመልሶ በጠንካራ ክር ወይም በሽቦ ይታሰራል። መተካት የግድ ከሆነ የጭንና የቅልጥም አጥንት ተሰርስሮ አዲሱ ጅማት በብሎን ይያዛል፤ ጭንቁ ያ ብሎን በሳሳ አጥንት ውስጥ ላይጸና መቻሉ ነው። ሕመሙ በቀለለባቸው ሰዎች የተሳካበት ጊዜ አለ። ሐኪምህን "ብሎኑ ባይዝ ምን ታደርጋለህ?" ብለህ ጠይቀው።

ጥ፦ ከጉልበት በላይ ለተሰበረ አጥንት ፕሌት ወይስ ዘንግ?

መ፦ ፕሌት አጥንቱ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ሳህን ነው፤ ዘንግ ደግሞ በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ብረት። እኔ ወደ ዘንግ አደላለሁ። አጭር ፕሌት አንዱን ቦታ ያጠነክርና አጥንቱ ከፕሌቱ ጫፍ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ዘንግ ግን አጥንቱን ከውስጥ እስከ ዳር ይደግፋል። ለልጆች ከእድገታቸው ጋር የሚረዝም፣ ፋሲየር ዱቫል የሚባል ዘንግ አለ። ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ግን ፕሌት ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥ፦ ማደንዘዣው ያስፈራኛል።

መ፦ ባለሙያውን አስቀድመሽ አግኚው። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ እንኳ ክንድ ሊሰብር ይችላል፤ ጥርስና አንገትም ጥንቃቄ ይሻሉ።

ጥ፦ አጥንት የሚያጠነክረውን መድኃኒት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድን፣ በመርፌ እወስዳለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ላቁም?

መ፦ በራስህ አታቁም። አጥንት ተቆርጦ ሲስተካከል መድኃኒቱ መጋጠሙን ሊያዘገየው ስለሚችል፣ የሚቀጥለውን መርፌ ቀን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ወስን።

ጥ፦ ጄሶው ስንት ወር ይቆያል?

መ፦ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ይጠር። እግር ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር አጥንቱ ይበልጥ ይሳሳል። ወንድሜ ከ3 ወር በኋላ ጄሶው በወጣለት በሳምንቱ፣ ከአልጋ ሲወርድ ጭኑ ተሰበረ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ከቀዶ ጥገናው በፊት መጥታችሁ ፊዚዮቴራፒስት አነጋግሩ፤ መቼ እንደምትቆሙ፣ መቼ እንደምትረግጡ ቀድሞ ይታቀድ።