ጥያቄና መልስ፦ ጠፈር ላይ ደንበኛው ማን ነው?

የግል ኩባንያዎች ከጠፈር ገንዘብ ስለሚያገኙበት መንገድ ከአንባብያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጬ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስለ ጠፈር ሥራ ሲወራ ሁልጊዜ «ወደፊት» ይባላል። ለመሆኑ ዛሬ ከዚያ ትርፍ የሚያገኝ ኩባንያ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም ንግዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። «ኧርሊ በርድ» የተባለችው የንግድ መገናኛ ሳተላይት በ1965 መጥቃ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መካከል 240 ያህል የስልክ መስመሮችን ወይም አንድ የቴሌቪዥን ሥርጭት ታስተላልፍ ነበር። የተቀመጠችው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ ያለች ሳተላይት ምድርን አንድ ጊዜ የምትዞርበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ከምትሽከረከርበት ጋር እኩል ስለሚሆን፣ ከታች ለሚያያት ባለችበት የቆመች ትመስላለች። ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ ወዲያ ወዲህ ማዞር የማያስፈልገው ለዚህ ነው። የባለቤቱም ትርፍ የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ሥርጭት ሺህ ቤት ቢደርስም ሚሊዮን ቤት ቢደርስ የሳተላይቷ ወጪ ያው ስለሆነ፣ ኩባንያው የማስተላለፍ አቅሟን ከፋፍሎ ለጣቢያዎች እያከራየ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ገቢ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ቀደም ሲል አንድ የሳተላይት ስልክ ኩባንያ ከስሮ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ዛሬ ሳተላይት በሺህ የሚያመጥቁት ምን ተማምነው ነው?

መልስ፦ የሰሙት ስለ ኢሪዲየም ይመስለኛል። ኩባንያው 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ መላውን ዓለም በ66 ሳተላይቶች የሚያዳርስ የስልክ አገልግሎት በ1998 መጨረሻ ከጀመረ በኋላ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1999 መክሰሩን አስታወቀ። ስልኩ ጡብ የሚያህል ነበር፤ ዋጋው አይቀመስም፤ ከቤት ውስጥ ሆነው ሲደውሉ አይሠራም። እሱ ሳተላይቶቹን እስኪያሰናዳ ድረስ ደግሞ በኪስ የሚያዘው ተራ ሞባይል ብዙ ገንዘብ ያላቸውን ከተሞች ቀድሞ ይዟቸው ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የተከተለው ነው። አዲሶቹ ገዢዎች እነዚያኑ ሳተላይቶች በ25 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ወሰዷቸውና፣ ማማ ሊተከል በማይችልባቸው ስፍራዎች ለሚንቀሳቀሱ መርከበኞች፣ አብራሪዎችና ወታደሮች አገልግሎት እየሸጡ ኩባንያውን አቆሙት። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጡት ዕዳውና ደንበኛው ናቸው።

ዛሬ ኢንተርኔት በሳተላይት የሚያቀርቡት፣ ስታርሊንክን የመሳሰሉት፣ ሳተላይቶቻቸውን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሰማራሉ። ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ የሚመለስ ጥያቄና መልስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲፈጅ፣ በዚህ ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ግን መዘግየቱ ለዓይን እርግብታ የማይበቃ ነው። ችግሩ እነዚህ ሳተላይቶች የሚያገለግሉት አምስት ዓመት ገደማ ብቻ መሆኑና በየጊዜው መተካት የሚኖርባቸው መሆኑ ነው። የስታርሊንክ ባለቤት ስፔስኤክስ የራሱ ሮኬት ስላለው ሌላው በገበያ ዋጋ የሚገዛውን ማምጠቂያ በወጪው ልክ ያገኘዋል። ተመሳሳይ አገልግሎት ለመስጠት የተነሣው ዋንዌብ ግን ይህ ስላልነበረው፣ ገና መረቡን ሳይጨርስ በ2020 ገንዘብ አልቆበት የኪሳራ ከለላ ጠይቋል።

ጥያቄ፦ ሮኬት ማምጠቅ በራሱ ያተርፋል?

መልስ፦ ሊያተርፍ ይችላል፤ ይሁንና የመጀመሪያው ቋሚ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ መንግሥት ነው። የስፔስኤክስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶች ሳይሳካላቸው ቀርተው በመስከረም 2008 አራተኛው ምሕዋር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 12 ጊዜ ጭነት እንዲያደርስ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። የወጪው ነገር የተለወጠው ግን ቆይቶ ነው። የኩባንያው ሮኬት ፋልከን 9 ካሉት አሥር ሞተሮች ዘጠኙ ያሉት በታችኛው አካሉ ላይ ሲሆን፣ ይህ አካል በ2015 መጨረሻ ተመልሶ ቆሞ አረፈ፤ በ2017 ደግሞ አንድ ያገለገለ አካል ለሁለተኛ ጊዜ ተወነጨፈ። ይህን ሁሉ ሰዎች የግል ድፍረት ውጤት አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያንን ውል አብሬ እቆጥራለሁ።

ጥያቄ፦ በአስትሮይድ (ፀሐይን በሚዞር ድንጋያማ አካል) ላይ በትሪሊዮን ዶላር የሚገመት ማዕድን እንዳለ አነበብኩ። ለምን አያወጡትም?

መልስ፦ ግምቱ የሚሠራው የድንጋዩን ክብደት በዛሬው የገበያ ዋጋ በማባዛት ነው፤ ስሕተቱም ከዚያው ይጀምራል። ለምሳሌ ከመላው ዓለም የማዕድን ጉድጓዶች በዓመት የሚወጣው ፕላቲነም ከ200 ቶን የማይበልጥ ነው፤ ብረቱ የሚወደደውም ጥቂት ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ሺህ ቶን ይዞ ገበያ ቢገባ የዛሬውን ዋጋ አያገኝም። ከዚያ ደግሞ ማምጣቱ አለ። የናሳ መንኮራኩር ኦሳይረስ-ሬክስ በ2016 ተነሥቶ በ2023 ከአስትሮይድ ቤኑ ያመጣው አፈር 121.6 ግራም፣ ማለትም እፍኝ የማይሞላ ነው፤ ጉዞውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። እርግጥ የተላከው ለሳይንስ እንጂ ለንግድ አልነበረም፤ ሆኖም ርቀቱ ለነጋዴም አያጥርም።

ከብረቱ ይልቅ አእምሮ የሚቀበለው ውኃው ነው። ውኃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ሲለያይ የሮኬት ነዳጅ ስለሚሆን፣ እዚያው ተመርቶ እዚያው ቢሸጥ ከምድር የማጓጓዙ ወጪ ይቀራል። ነገር ግን ጠፈር ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚጠብቅ ደንበኛ ገና የለም። ፕላኔተሪ ሪሶርስስ የተባለው ኩባንያ በ2018፣ ዲፕ ስፔስ ኢንዱስትሪስ ደግሞ በ2019 አንድም ድንጋይ ሳይነኩ ለሌሎች ተሸጠዋል።

ጥያቄ፦ የጨረቃን መሬት በስሜ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ማንኛውም አገር በሰማይ አካላት ላይ ባለቤትነት እንዳይኖረው ይከለክላል፤ የግል ኩባንያም ቢሆን በመንግሥቱ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ነው። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ያወጧቸው ሕጎች የሚፈቅዱት ከዚያ የወጣውን ማዕድን መያዝና መሸጥ ነው። የጨረቃ ካርታ የሚሸጥልዎት ካለ ወረቀቱን ለግድግዳ ጌጥ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ቱሪዝሙስ?

መልስ፦ አሜሪካዊው ባለሀብት ዴኒስ ቲቶ በ2001 ወደ ጠፈር ጣቢያው የሄደው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ነው። ዛሬም ዋጋው ወደ ብዙኃኑ አልወረደም፤ ጥቂት ባለጠጎች ደግሞ ለአንድ ጊዜ ይሄዱ እንደሆነ እንጂ የዘወትር ደንበኛ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ሮኬትም ሳተላይትም የሌለው ሰው ከዚህ ገበያ ምን ሊያገኝ ይችላል?

መልስ፦ የገንዘቡ ትልቅ ድርሻ የሚንቀሳቀሰው ምድር ላይ ስለሆነ ብዙ ሊያገኝ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ምልክት ለማንም በነፃ ይለቃል፤ ገንዘቡን የሚያገኙት መቀበያውን የሚሠሩና በእርሱ ላይ ካርታና የመጓጓዣ አገልግሎት የሚገነቡ ናቸው። የሳተላይት ፎቶም እንዲሁ ነው። ጣሪያቸው በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ትልልቅ የነዳጅ ታንከሮች አሉ፤ ነዳጁ ሲጎድል ጣሪያው አብሮ ስለሚወርድ የታንከሩ ግድግዳ በውስጡ የሚጥለው ጥላ ይሰፋል። ያንን ጥላ ከላይ በተነሣ ፎቶ ለክቶ በየታንከሩ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለ የሚያሰላ ሰው፣ ስሌቱን ለነዳጅ ነጋዴ ይሸጣል።